ከዝዋይ እስከ ካሪቢያን፦ የአንዲት ጠርሙስ ወይን ጠጅ ፊዚክስ

በአሜሪካ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ስልክ ደውላ አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። እናቷ 70ኛ ዓመታቸውን የሚያከብሩት ከማያሚ ወደብ ተነሥቶ የካሪቢያንን ባሕር በሚዞር የመዝናኛ መርከብ ላይ ነው። አክስቴ በዕድሜያቸው ባሕር አይተው አያውቁም። ለዚህ ጉዞ ብለው ከአዲስ አበባ ሁለት ጠርሙስ ይዘው ሊሄዱ ተዘጋጅተዋል፤ አንደኛው በዝዋይ የታሸገ ቀይ ወይን ጠጅ ሲሆን፣ ሁለተኛው እሳቸው ራሳቸው የጣሉት፣ በባዶ የወይን ጠርሙስ ተሞልቶ በቡሽ የተደፈነ ጠጅ ነው። «ወንድምዬ፣ አንተ የፊዚክስ ሰው ነህ፤ በአውሮፕላኑ፣ በመኪናው፣ በመርከቡ ይህ ሁሉ ሳይበላሽ ይደርሳል ወይ?» አለችኝ።

በስልክ የሰጠኋት መልስ «ምንም አይሆንም» የሚል ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወረቀትና እርሳስ ይዤ ስቀመጥ መልሴ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ደግሞ አደገኛ ስሕተት መሆኑን ተረዳሁ። ስሌቱ ከአንደኛ ዓመት ፊዚክስ የማያልፍ በመሆኑ ለአንባቢያን ይጠቅማል ብዬ እነሆ አቅርቤዋለሁ።

በቅድሚያ ስለ ሕጉ

ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሱ ብዙዎቹ ትልልቅ የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች ለመጠጥ የተፈቀደው ዕድሜ ላይ ለደረሰ መንገደኛ በመሳፈሪያው ቀን ብቻ አንድ ያልተከፈተ 750 ሚሊ ሊትር የወይን ጠርሙስ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳሉ። አረቄና ውስኪ የመሳሰሉት ክልክል ናቸው። ጠርሙሱ በመርከቡ ምግብ ቤት ሲጠጣ የቡሽ መክፈቻ ክፍያ የሚጠይቁ አሉ፤ ለገባ ጠርሙስ ሁሉ የሚያስከፍሉም አሉ። ዝርዝሩ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ከጉዞ በፊት መጠየቅ ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ፈሳሽን በተመለከተ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በወጣው ደንብ ምክንያት በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ ይዞ ማለፍ ስለማይቻል ወይኑ ወደ ዕቃ ክፍሉ መግባት አለበት። ወደቡ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠርሙሱ ከትልቁ ሻንጣ ወጥቶ በእጅ መያዝ ይኖርበታል። ስለዚህ ጠርሙሱ በአንድ ጉዞ ሁለት ዓይነት ኑሮ ይኖራል ማለት ነው።

ለማጣሪያ የሚያገለግለው ኤክስሬይ ወይኑን ይጎዳዋል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። በሻንጣ መመርመሪያ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ዕቃው የሚቀበለው የጨረር መጠን ከአንድ ግሬይ እጅግ ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ነው። ምግብን በጨረር ለማቆየት የሚሰጠው መጠን ግን በሺሕ ግሬይ የሚቆጠር ነው። ልዩነቱ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ይህን ሥጋት እዚሁ ላይ እንተወው።

ከፍታና የቡሹ ጉልበት

አብዛኛው ሰው የሚፈራው አውሮፕላኑን ነው። «ከፍ ሲል አየሩ ስለሚሳሳ ቡሹ ይፈነጠራል» ይባላል። እስቲ እንመርምረው።

የመንገደኞች አውሮፕላን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ቢበርም በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ከ2,400 ሜትር ከፍታ ግፊት በታች እንዲወርድ አይደረግም። የሻንጣ ክፍሉም እንዲሁ በዚሁ ግፊት ሥር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በ2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በሌላ አነጋገር እኛ ዕድሜ ልካችንን የምንኖረው በአውሮፕላን ውስጥ ባለው ግፊት ነው። በከተማችን የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን፣ ይህም በባሕር ወለል ካለው 101 ኪሎ ፓስካል ሦስት አራተኛው ነው።

የወይን ጠርሙስ አንገት የውስጥ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቡሹ ላይ ግፊት የሚያርፍበት ገጽ 2.7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በባሕር ጠረፍ የታሸገ ወይን ወደ አውሮፕላን ሲገባ በውስጥና በውጭ መካከል የሚፈጠረው የግፊት ልዩነት በግምት 25 ኪሎ ፓስካል ነው። ይህን በቡሹ ገጽ ስናባዛው የምናገኘው ጉልበት ከ7 ኒውተን አይበልጥም፤ 700 ግራም የሚመዝን ዕቃ ቡሹን ከውስጥ ወደ ውጭ እንደ መግፋት ነው። ቡሹን ከአንገቱ ለመንቀል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ኒውተን ጉልበት ያስፈልጋል። ቡሽ ከመግባቱ በፊት ከጠርሙሱ አፍ ይልቅ ሰፊ ነው፤ ተጨምቆ ከገባ በኋላ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ብርጭቆውን ስለሚገፋ ሰበቃው ከፍተኛ ይሆናል። የቡሽ መንቀያ የሌለው ሰው በጥርሱ ቢታገል የማይሳካለት ለዚህ ነው።

የአክስቴ ጠርሙስ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው። ዝዋይ (ባቱ) 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ወደ 83 ኪሎ ፓስካል ነው። ጠርሙሱ በዚህ ግፊት ታሽጎ ከሆነ በአውሮፕላኑ ውስጥ ቡሹ ወደ ውጭ የሚገፋው በ2 ኒውተን ያህል ብቻ ይሆናል። ማያሚ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ የባሕሩ አየር ቡሹን ወደ ውስጥ በ5 ኒውተን ይጫነዋል። ሁለቱም ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም።

ይህን በዐይኑ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ባዶ የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ አዲስ አበባ ላይ አጥብቆ ዘግቶ ወደ አዋሽ 7 ኪሎ ይዞ ይውረድ። ጠርሙሱ ማንም ሳይነካው ጎኑ ገብቶ ያገኘዋል። ብርጭቆ አይታጠፍም፤ ፕላስቲክ ግን ምስጢር አይጠብቅም።

ዋናው ጠላት ሙቀት

አሁን በስልክ ወደ ተሳሳትኩበት ነገር እንምጣ። ወይን ጠጅ ሲሞቅ ይዘቱ ይጨምራል። በጠርሙሱ ውስጥ በወይኑና በቡሹ መካከል የሚተወው ክፍት ቦታ ቁመቱ 15 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ይዘቱም 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላው ይህ ባዶ ቦታ ነው የጠርሙሱን ዕጣ የሚወስነው።

የወይን ጠጅን ያህል አልኮል ያለው ውሃ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 750 ሚሊ ሊትሩ በ2.4 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምራል። ብርጭቆውም በጥቂቱ ስለሚሰፋ ንጹሕ ጭማሪው ወደ 2.2 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ስለዚህ በ4 ሚሊ ሊትር ቦታ የነበረው ጋዝ ወደ 1.8 ሚሊ ሊትር ይጨመቃል፤ ግፊቱም ከ1 ወደ 2.3 አትሞስፌር ያድጋል። ይህ በቡሹ ላይ 35 ኒውተን ብቻ ስለሚያሳርፍ ቡሹ አሁንም ከቦታው አይነቃነቅም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉ ሰላም ይመስላል። 5 ዲግሪ ብቻ ስንጨምር ግን መልኩ ይለወጣል። በ35 ዲግሪ ንጹሕ ጭማሪው 3.55 ሚሊ ሊትር ሲሆን ለጋዙ የሚቀረው ቦታ 0.45 ሚሊ ሊትር ነው። ግፊቱ ከ9 አትሞስፌር ያልፋል፤ ቡሹ ላይ የሚያርፈውም ጉልበት ወደ 225 ኒውተን ይደርሳል። እዚህ ላይ ቡሹ መንቀሳቀስ ይጀምራል። በ40 ዲግሪ የወይኑ ጭማሪ 5 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን ካለው ባዶ ቦታ ይበልጣል። ፈሳሽ በቀላሉ አይጨመቅምና ከሁለት አንዱ የግድ ይሆናል፤ ወይ ቡሹ ይወጣል፣ ወይ ወይኑ በቡሹ ጎን ይሾልካል። በእርግጥ ከጋዙ ከፊሉ በወይኑ ውስጥ ስለሚሟሟ ቁጥሮቹ በጥቂቱ ዝቅ ሊሉ ይችላሉ፤ የነገሩ አካሄድ ግን አይለወጥም።

አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ድረስ ምንም ነገር የማይታይ መሆኑን ነው። ጋዙ የሚጨመቅበት ቦታ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግፊቱ በድንገት ሽቅብ ይወጣል። በክረምታችን ወራት ማያሚ የበጋዋን ሙቀት ላይ ናት፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ስለሆነም ጠርሙሱን የሚያሠጋው ሰማዩ ወይም ባሕሩ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው የመኪና ጉዞ ነው።

መርከቡ ሲወዛወዝ

ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ከጎኖቹ የሚወጡ የማረጋጊያ ክንፎች ስላሉት መወዛወዙ ለስላሳ ነው። ከመካከለኛ ቦታው ወደ እያንዳንዱ ጎን 3 ዲግሪ ያዘነብላል፣ አንዱን ዙር ለመጨረስም 20 ሰከንድ ይወስዳል እንበል። ከሚወዛወዝበት መስመር 30 ሜትር ርቆ የሚገኝ መኝታ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ጠርሙስ የሚደርስበት ፍጥንጥነት በሴኮንድ ካሬ 0.16 ሜትር ያህል ነው፤ ከመሬት ስበት ፍጥንጥነት አንድ ስድሳኛው መሆኑ ነው። በእጁ ጠርሙስ ይዞ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች በሰከንድ 4 ጊዜ የሚነቀንቅ ሰው ግን ከስበት 3 እጥፍ የሚሆን ፍጥንጥነት ይፈጥራል። ልዩነቱ ወደ 200 እጥፍ ይጠጋል። ሻንጣውን ከመኪናው ጭኖ የሚያወርደው ሰው ለወይኑ ከማዕበሉ የከፋ ነው።

በብርጭቆ የተቀዳውስ? 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ብርጭቆ ውስጥ 3 ዲግሪ ማዘንበል የወይኑን ጠርዝ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ብቻ ከፍ ያደርገዋል። እንዲህ ባለ ብርጭቆ ውስጥ ፈሳሽ በተፈጥሮው የሚዋልልበት ድግግሞሽ በሰከንድ 3.6 ጊዜ ገደማ ነው። መርከቡ በ20 ሰከንድ አንዴ የሚወዛወዝ ስለሆነ ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። የሰው እርምጃ ግን በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል ስለሆነ ከብርጭቆው ድግግሞሽ ብዙ አይርቅም። መርከብ ላይ ልብሱ ላይ ወይን የደፋ ሰው ባሕሩን ባይከስ መልካም ነው።

ባሕር ያሳደገው ወይን

ሙቀትና የባሕር ጉዞ ወይንን ሁልጊዜ ያበላሻሉ ማለት አይቻልም። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው የፖርቱጋል ደሴት ማዴይራ ወደ ህንድና ወደ አሜሪካ የሚጓዙ መርከቦች ወይን የሚጭኑባት ቦታ ነበረች። በርሜሎቹ የምድር ወገብን ሙቀት በመርከብ ሆድ ውስጥ ሲያሳልፉ ቆይተው፣ ሳይሸጡ ወደ ደሴቲቱ የተመለሱት ሲቀመሱ ከሄዱበት ጊዜ ይልቅ ጣፍጠው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ነጋዴዎች ወይኑን ሆን ብለው ለጉዞ ሲሉ ብቻ መርከብ ላይ ይጭኑት ጀመር። እንዲህ ተጉዞ የተመለሰው «ቪኒዮ ዳ ሮዳ» ይባል ነበር፤ የዙር ወይን እንደ ማለት ነው።

የፊዚክሱ ሰው እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ሥራውን የሠራው ጉዞው ነው ወይስ ሙቀቱ የሚለውን ነው። ደሴተኞቹ መልሱን በተግባር አገኙት። ዛሬ አብዛኛው የማዴይራ ወይን ባሕር ሳያይ በጋን ውስጥ ሆኖ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ቢያንስ 3 ወር እንዲቆይ ይደረጋል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል የሚለውን የታወቀ ግምት ከወሰድን፣ ከ20 ወደ 45 ዲግሪ መውጣት ለውጡን ወደ 5.7 እጥፍ ያፋጥነዋል፤ የ3 ወሩ ቆይታም የ17 ወር ያህል ይሆናል። የማዴይራ ወይን አልኮል ተጨምሮበት ስለሚጠነክር ይህን ይችላል። ተራው ቀይ ወይን ግን በዚህ ሁኔታ የተቀቀለ ፍሬ ጣዕም ይይዛል።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር እንረዳለን። በመኪና ውስጥ 3 ሰዓት ቢሞቅ ወይኑ የሚያረጀው በአንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጉዳቱ የሚመጣው ከኬሚስትሪው ሳይሆን ከመካኒኩ፣ ማለትም ከቡሹ ነው።

ሻምፓኝ፦ የታሰረ ጉልበት

በበዓል ጉዞ ላይ ሻምፓኝ ይዘው የሚሳፈሩ ብዙዎች ናቸው። በአንድ ሊትር ሻምፓኝ ውስጥ ወደ 12 ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሟሙቶ ይገኛል፤ ከአንድ ጠርሙስ ቢወጣ 5 ሊትር ያህል ጋዝ መሆኑ ነው። ሙቀት ሲጨምር ጋዙ በፈሳሹ ውስጥ የመሟሟት ችሎታው ስለሚቀንስ የጠርሙሱ ግፊት ያድጋል። በ20 ዲግሪ 7.5 አትሞስፌር፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ ወደ 10 አትሞስፌር ይደርሳል። ቡሹ ላይ ሽቦ የሚታሰረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በፈረንሳይ የሬምስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት በ20 ዲግሪ የቆየ ሻምፓኝ ሲከፈት ከአፉ ላይ ለቅጽበት ሰማያዊ ጉም እንደሚታይ በፈጣን ካሜራ አሳይተዋል። ጋዙ በድንገት ሲሰፋ ወደ ዜሮ በታች 90 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ራሱ ወደ ጥቃቅን በረዶ ይለወጣል። ክፍል ውስጥ ስለ አዲያባቲክ መስፋት ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ በጀቱ ባይፈቅድም።

ቡሹ በሰዓት እስከ 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሊወጣ ይችላል። በዚህ ፍጥነት አንድ ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት 0.07 ሰከንድ ሲሆን፣ ዐይን ደንግጦ ለመጨፈን ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ሰው በተጨናነቀበት የመርከብ ሰገነት ላይ ሞቅ ያለ ሻምፓኝ ወደ ፊት አነጣጥሮ መክፈት ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ አፉን ከሰው ማዞር፣ ቡሹን በእጅ ይዞ ጠርሙሱን ቀስ አድርጎ ማሽከርከር ይገባል።

የአክስቴ ጠጅ

የስልክ መልሴ አደገኛ ስሕተት የነበረው በዚህኛው ነው። የታሸገ ወይን መብላላቱን የጨረሰ መጠጥ ነው። ቤት ውስጥ የተጣለ ጠጅ ግን እርሾው በሕይወት አለ፤ ማሩም ሙሉ በሙሉ አላለቀም። 1 ግራም ስኳር ሲብላላ ግማሽ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። በጠርሙሱ ውስጥ 10 ግራም ስኳር ብቻ ቢቀርና በጉዞ ላይ ቢብላላ 4.9 ግራም ጋዝ ይወጣል፤ በ25 ዲግሪ ሙቀትም ግፊቱ ወደ 4.5 አትሞስፌር ይደርሳል። 10 ግራም ማለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ገደማ ነው፤ ጣፈጥ ያለ ጠጅ ከዚህ እጅግ የበለጠ አለው። የሻምፓኝ ጠርሙስ ግፊት እንዲችል ተወፍሮ ሲሠራ፣ ተራው የወይን ጠርሙስ ግን ለዚህ አልተሠራም። ቡሹ ቢለቅ ዕድል ነው፤ ባይለቅ ብርጭቆው ራሱ ይፈነዳል። የእርሾ ሥራ በሙቀት ስለሚፋጠን የማያሚው መኪና እዚህም ላይ አለ። የመርከብ ኩባንያዎች «በፋብሪካ የታሸገ፣ ያልተከፈተ» የሚሉበት ምክንያት ሌላም ሊኖረው ይችላል፤ እኔ ግን ይህ ብቻ ይበቃኛል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ የተማርኩት አይደለም። ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ ስሄድ እናቴ ያሸጉልኝን አንድ ጠርሙስ ጠጅ በሻንጣዬ መካከል በሹራብ ጠቅልዬ ነበር። ስደርስ ሻንጣው የጌሾ ሽታ ይሸታል፤ ብቸኛ ሙሉ ልብሴም በማርና በብርጭቆ ስባሪ ተሞልቷል። ከተቆጣጣሪዬ ጋር የተዋወቅሁት በሹራብ ነው። ያ ጠርሙስ በሰው እጅ ላይ እያለ ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ ይህን እንደ ቀልድ ባልጻፍኩት።

እናም በማግስቱ መልሼ ደወልኩ። ጠጁ ከአዲስ አበባ እንዳይነሣ፣ ወይኑ በልብስ መካከል ተጠቅልሎ በዕቃ ክፍል እንዲሄድ፣ ማያሚ ላይ መኪና ውስጥ ለደቂቃም እንዳይተው ነገርኳት። አክስቴ ለጊዜው ቅር ቢላቸውም ጠጁን ከመሄዳቸው በፊት ለጎረቤት አቀመሱት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የልደቱ ፎቶግራፍ ደረሰኝ። ከአክስቴ ኋላ ባሕሩ ይታያል፤ ፊት ለፊታቸው የዝዋዩ ጠርሙስ ገና ሳይከፈት ቆሟል። ፎቶግራፉን አጉልቼ ስመለከት ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ብሏል። ቡሹ 2 ሚሊ ሜትር ሲወጣ 0.5 ሚሊ ሊትር ቦታ ይከፈታል፤ እስከዚያ ለመግፋት ደግሞ ወይኑ ወደ 37 ዲግሪ ገደማ መሞቅ ነበረበት። መልሶ ሲቀዘቅዝ ቡሹ ለምን ወደ ቦታው አልተመለሰም ቢባል፣ የአየሩ ግፊት በሙሉ ተባብሮ እንኳ ወደ ውስጥ ሊጫነው የሚችለው በ27 ኒውተን ብቻ ነው፤ ቡሹን ለማንቀሳቀስ ግን ከ200 በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቡሽ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚያቆይ ቴርሞሜትር ነው።

ደውዬ «ስንት ሰዓት መኪና ውስጥ ተዋችሁት?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ወደ ወደቡ ሲሄዱ ምሳ ለመብላት ቆመው እንደነበር ነገረችኝ። ወይኑ ግን፣ አለች፣ ጥሩ ነበር።